ብዕሩ ሲቀመጥ፦ ቃል አልባ ተግባቦትን ስለ ማንበብ

ጤና ይስጥልኝ።

አንድ ስብሰባ በዓይነ ልቦናችሁ ሳሉ። ኃላፊው የሦስት ወር የሥራ ዕቅድ እያቀረበ ነው። ከጠረጴዛው ማዶ የተቀመጠች ባልደረባ ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ ማስታወሻ ስትይዝ ቆይታለች። ነገሩ የማስረከቢያ ቀኖቹ ላይ ሲደርስ ብዕሯን አስቀመጠች፤ ወንበሯን ደገፍ አለች፤ ክንዶቿን አጣምራ ዝም አለች። ኃላፊው ጨርሶ «ጥያቄ ያለው አለ?» ሲል ራሷን በአሉታ ነቀነቀች። ስብሰባው ተበተነ።

ይህች ሴት ምን አለች? ብዙዎቻችሁ «አልተስማማችም» ትሉ ይሆናል። ትክክል ልትሆኑ ትችላላችሁ። ነገር ግን ክፍሉ በርዷት ይሆናል። ወንበሩ ክንድ ማሳረፊያ የለው ይሆናል። አንድ ሰዓት ሙሉ ጎንበስ ብላ ስትጽፍ ወገቧ ደክሞ ይሆናል። ቀኖቹ በኢሜይል እንደሚደርሷት ስለምታውቅ መጻፉን ትታው ይሆናል። ወይም በልቧ ቀን እየቆጠረች ነው። ዛሬ የምናገረው ሁሉ በዚህች ብዕር መቀመጥ ዙሪያ ነው። የሰውነት እንቅስቃሴ ፍቺው መዝገበ ቃላት ውስጥ እንደሚገኝ ቃል አይደለም። አንድ ነገር መለወጡን ይነግረናል፤ የተለወጠው ምን እንደሆነ የምንደርስበት ግን ጠይቀን ነው።

ቋንቋችን በዚህ ረገድ ትንሽ ያሳስተናል። «ፊት ነሳኝ» እንላለን፤ «አንገቱን ደፋ»፣ «ግንባሩን ቋጠረ»፣ «ዓይኑን ሰበረ»፣ «ጀርባውን ሰጠን» እንላለን። በእያንዳንዱ አባባል ውስጥ እንቅስቃሴውና ትርጉሙ አብረው ተሰፍተዋል። አንድ ሰው ሲያቀረቅር ስናይ ምክንያቱን ወዲያው ያወቅን የሚመስለን አንድም ለዚህ ይመስለኛል። ያቀረቀረው ሰው ግን አፍሮ፣ አዝኖ፣ እያሰላሰለ ወይም ስልኩን እያነበበ ሊሆን ይችላል።

ወደ ዘዴው ከመግባቴ በፊት አንድ ቁጥር ከመንገዳችን ላይ ላንሳ። (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጠራው።) በዚህ ርዕስ ላይ ሥልጠና የወሰደ ሰው ከምንግባባው ውስጥ 7 በመቶው በቃል፣ 38 በመቶው በድምፅ ቃና፣ 55 በመቶው በፊት ነው ሲባል ሳይሰማ አይቀርም። ቁጥሩ የተገኘው የሥነ ልቦና ተመራማሪው አልበርት ሜህራቢያን ከባልደረቦቹ ጋር በ1967 ካሳተማቸው ሁለት ጥናቶች ነው። በአንደኛው ሰዎች በተለያየ ቃና የተነገሩ ነጠላ ቃላትን ሰሙ። በሌላው «ምናልባት» የምትለዋን አንዲት ቃል በሦስት ዓይነት ቃና እየሰሙ ሦስት ዓይነት ስሜት የሚያሳዩ የፊት ፎቶዎችን ተመለከቱ። የተጠየቁት ተናጋሪው ለሚያናግረው ሰው ያለው ስሜት የመውደድ ነው ወይስ የመጥላት የሚል ብቻ ነበር። ስለዚህ ቁጥሩ የሚነግረን ስለ ስሜት ሲወራ ቃሉና ፊቱ ካልተጣጣሙ ሰው ወደ ፊቱ እንደሚያደላ ነው። ሜህራቢያን ራሱም ከዚያ ውጪ እንደማይሠራ ደጋግሞ ተናግሯል። «ክኒኑን በየ12 ሰዓቱ ለ7 ቀን ይውሰዱ» የሚለውን አንድ ሐኪም በፊቱ ብቻ ይናገር ቢባል የሚሆነውን አስቡት። ይህ ቁጥር ጉዳት አለው። ያመነበት ሰው ለንግግሩ ሲዘጋጅ ቃላቱን ትቶ ስለ አቋቋሙ ይጨነቃል፤ አድማጩ ደግሞ የተነገረውን ትቶ ያልተነገረውን ሲያድን ይውላል።

ታዲያ እንዴት እናንብብ?

መጀመሪያ የሰውየውን ልማድ ማወቅ ያስፈልጋል። ሁልጊዜ ክንዱን አጣምሮ የሚቀመጥ ሰው አለ። በጥሞና ሲያዳምጥ የተቆጣ የሚመስል አለ። እጇ ካልታገዛት አንድ ዓረፍተ ነገር የማትጨርስ አለች። ይህን ሳያውቁ የሚደረግ ንባብ ግምት ነው። ከአዲስ ደንበኛ ወይም ከሥራ አመልካች ጋር ስትቀመጡ የመጀመሪያዎቹን 5 ደቂቃዎች ማንንም በማያስጨንቅ ወሬ አሳልፏቸው፤ ቢሮውን በቀላሉ አገኙት ወይ፣ ከዚህ በፊት ምን ላይ ይሠሩ ነበር፣ የመሳሰለው። እያወራችሁ አራት ነገሮችን ብቻ ልብ በሉ፦ የንግግሩን ፍጥነት፣ ከጥያቄያችሁ እስከ መልሱ ያለውን ዝምታ፣ የእጆቹን እንቅስቃሴ፣ የአቀማመጡን ሁኔታ። ከዚያ በላይ ልከታተል ያለ ሰው የሚነገረውን መስማት ያቆማል። ይህም ሰው እያነበብን ነው ስንል ከምንሠራቸው ስሕተቶች ሁሉ የከፋው ነው።

ቀጥሎ የምንፈልገው ለውጡን ነው። በእጁ እያሳየ ሲያወራ የነበረ ሰው እጆቹን ጭኑ ላይ ቢያሳርፍ፣ ፈጥኖ ሲመልስ የነበረ ቢዘገይ፣ ያ ለእኛ ፍንጭ ነው። ለውጡ ከመምጣቱ በፊት ባሉት ጥቂት ሰከንዶች ውስጥ ምን ተባለ? ማን ገባ? የትኛው ገጽ ተገለጠ? ሰዓቱን ካላያያዝነው እንቅስቃሴው ብቻውን ምንም አይነግረንም። ብዕሯ የተቀመጠችው ቀኖቹ ሲነበቡ መሆኑን ያላስተዋለ ሰው ያየው አንዲት የደከመች ሴት ብቻ ነው።

አንድ ምልክት ደግሞ አይበቃም። እንደኔ ልማድ ከሆነ ከተለያየ አቅጣጫ የመጡ ሦስት ለውጦች በአንድ ጊዜ ካልተገናኙ ማስታወሻዬ ላይ አላሰፍራቸውም፦ ለምሳሌ ድምፁ ሲወርድ፣ እጁ ሲቆም፣ መልሱ ሲያጥር። አፍንጫውን የነካ ሰው አፍንጫው በልቶት ይሆናል። ሦስቱ ሲገጥሙም መጀመሪያ የአካልን ምክንያት ማጥራት ያሻል፤ ብርድ፣ የማይመች ወንበር፣ ዓይን ውስጥ የሚገባ የመስኮት ብርሃን፣ እንቅልፍ ማጣት፣ ኪሱ ውስጥ የሚንቀጠቀጥ ስልክ። ይህ ሁሉ ተጣርቶ የቀረው ነው የሚጠየቀው። አጠያየቁ ላይ እመለስበታለሁ።

ሰዎች ይህን ትምህርት የሚፈልጉት በአብዛኛው ውሸታም ለመለየት ነው። ስለዚህ በግልጽ ልናገር፦ አይሠራም። ተመራማሪዎቹ ቻርልስ ቦንድና ቤላ ዲፓውሎ በ2006 ከ200 በላይ ጥናቶችን አሰባስበው መርምረዋል፤ በጥናቶቹ ከ24,000 በላይ ሰዎች እውነትና ውሸትን እንዲለዩ ተጠይቀው ነበር። አማካይ ውጤታቸው 54 በመቶ ነው። ሳንቲም ወደ ላይ ወርውሮ መፍረድ 50 በመቶ ይሰጣል። በዚያው ዓመት በታተመ ሌላ ጥናት በ58 አገሮች የሚኖሩ ሰዎች ውሸታም በምን እንደሚለይ ተጠየቁ፤ ከሁሉ የበዛው መልስ «ዓይን ዓይን አያይም» የሚል ነበር። በመላው ዓለም የታመነበት ይህ ምልክት ግን ሲፈተሽ ውሸትን ከእውነት አይለይም። እንዲያውም የሚዋሽ ሰው እንዳይነቃበት ዓይን ዓይናችሁን ሊያይ ይችላል።

የሚያሳዝነው ስሕተቱ የሚወድቀው በንጹሑ ላይ መሆኑ ነው። የተጠረጠረ ሰው እውነቱን እየተናገረም ይፈራል፤ አያምኑኝም ብሎ ይፈራል። የፊት ስሜቶችን በማጥናት የታወቀው ፖል ኤክማን ይህን «የኦቴሎ ስሕተት» ብሎታል፤ በሼክስፒር ቴአትር ኦቴሎ የሚስቱን ፍርሃት አይቶ የጥፋተኝነት ምልክት አድርጎ ወስዶታልና። ተቋማትም ከዚህ አላመለጡም። የአሜሪካ የአየር ማረፊያ ጥበቃ መሥሪያ ቤት መንገደኞችን በጠባያቸው የሚለዩ ሠራተኞችን አሠልጥኖ አሰማርቶ ነበር፤ ለዚህም ከ2007 ጀምሮ 900 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ወጥቷል። የአገሪቱ ምክር ቤት የኦዲት ተቋም በ2013 ባወጣው ሪፖርት በጠባይ ምልክቶች አታላይን መለየት ከዕድል እኩል ወይም ትንሽ የተሻለ ብቻ መሆኑን አስታውሶ፣ መሥሪያ ቤቱ ሳይንሳዊ ማስረጃ እስኪያቀርብ የፕሮግራሙን በጀት እንዲገድብ መከረ።

ቃለ መጠይቅ የምታደርጉ ካላችሁ ላቡን ሳይሆን ታሪኩን መርምሩ። «ሠርተዋል ወይ?» ከማለት «የመጀመሪያውን ሳምንት ከመነሻው ይንገሩኝ» በሉ። ነገሩን ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው እንዲተርክ መጠየቅም አለ፤ የኖረውን የሚናገር ሰው እየተንገዳገደም ቢሆን ይዘልቀዋል፣ የፈጠረውን የያዘ ግን ሊከብደው ይችላል። ከዚያ በሰነድ ወይም በሌላ ሰው ሊረጋገጥ የሚችል ዝርዝር ጠይቁ። ጭንቀቱን ጭንቀት ብቻ አድርጋችሁ ተቀበሉት፤ ውኃ ስጡት።

አሁን እኔ ከሁሉ የበለጠ ጠቃሚ ነው ወደምለው ልምጣ። ዝምታ ነው። 10 ቋንቋዎችን ያነጻጸረ፣ በ2009 የታተመ ጥናት እንዳሳየው ሰዎች ሲነጋገሩ አንዱ ጥያቄውን ጨርሶ ሌላው መልስ እስኪጀምር የሚያልፈው ጊዜ በአማካይ 200 ሚሊሰከንድ፣ ማለትም የሰከንድ አንድ አምስተኛ ገደማ ነው። ዓይን ተጨፍኖ እስኪገለጥ ያህል ማለት ነው። ከቋንቋ ቋንቋ ትንሽ ይለያል እንጂ ብዙ አይርቅም። ጆሯችን በዚህ ምት የተቃኘ ስለሆነ ግማሽ ሰከንድ ስትጨመር እንኳ ይሰማናል። «ቅዳሜ መጥተህ ዕቃ ታነሳሣኛለህ?» ብላችሁ ስትጠይቁ «እሺ!» ወዲያው ከመጣ እሺ ነው። ትንሽ ዝምታ፣ ከዚያ «...እሺ» ከመጣ ቃሉ ያው ነው፤ ቅሬታው ግን ዝምታዋ ውስጥ አለ። እምቢታና ማመንታት ከእሺታ ዘግይተው እንደሚመጡ ንግግርን የሚያጠኑ ሰዎች በብዙ ቅጂ ላይ አይተውታል። እንዲህ ሲሆን «ቅዳሜ ካልተመቸህ እሑድም ይሆናል» ብሎ በር መክፈት ሰውየውን ከመዋሸት ያድነዋል።

ዝምታ በሌላ በኩልም ይሠራል። ሜሪ ባድ ሮው የተባለች ተመራማሪ የሳይንስ ክፍሎችን ቀድታ ስትመረምር መምህራን ጥያቄ ከጠየቁ በኋላ የሚጠብቁት 1 ሰከንድ ገደማ ብቻ መሆኑን አየች። መልስ ካልመጣ ይደግሙታል፣ ያብራሩታል ወይም ወደ ሌላ ልጅ ያልፋሉ። ወደ 3 ሰከንድ ሲያራዝሙት የተማሪዎቹ መልስ ረዘመ፤ «አላውቅም» የሚለው ቀነሰ፤ ሳይጠሩ የሚመልሱ ልጆች ቁጥር ጨመረ። ሦስት ሰከንድ በወረቀት ላይ ትንሽ ነው። ሰው ፊት ቆሞ መጠበቅ ግን ከባድ ነው፤ በልባችሁ «አንድ ሺህ አንድ፣ አንድ ሺህ ሁለት፣ አንድ ሺህ ሦስት» ብላችሁ ቁጠሩት። ስትጠብቁ ወረቀት አታገላብጡ፣ ብዕር አታንኳኩ፣ ቅንድብ አታንሡ። ይህን ካደረጋችሁ ዝምታው «ቶሎ በል» ይላል።

የምትጠብቁት ሰው ዓይኑን ወደ ጣሪያው ቢያነሣ ወይም ወደ ወለሉ ቢጥል ተዉት። የሰው ፊት ብዙ መረጃ የሚያወጣ ነገር ነው፤ ከባድ ሐሳብ የሚያወጣ አእምሮ ከዚህ ለማረፍ ዓይኑን ያሸሻል። አምስት ዓመት የሆናቸው ልጆች ሲያስቡ ዓይናቸውን እንዲያሸሹ ሲበረታቱ ጥያቄዎችን የተሻለ እንደመለሱ በ2006 የታተመ ጥናት ያሳያል። ስለዚህ ልጅን «ዓይኔን እያየህ መልስ!» ማለት የማሰቢያ ቦታውን መንጠቅ ነው። አዋቂዎችም ስንናገር ይህንኑ እናደርጋለን፦ ተመራማሪው አዳም ኬንደን በ1967 እንዳስተዋለው ተናጋሪ ረዘም ያለ ነገር ሲጀምር ዓይኑን ከአድማጩ ያነሣል፤ ሊጨርስ ሲል ይመልሰዋል። ያ መመለስ «ተራው ያንተ ነው» ማለት ነው። ብዙ የቃል ግጭት፣ የአንዱን ንግግር አንዱ መቁረጥ የሚመጣው ይህን ምልክት ካለማየት ነው፤ በተለይ አድማጩ ስክሪን ላይ አፍጦ ሲያዳምጥ።

ምን ያህል እንተያይ ለሚሉኝ፦ ሰው ዓይን ለዓይን ሲተያይ የሚመቸው በአማካይ 3 ሰከንድ ገደማ ነው፤ ከዚያ ዞር ብሎ መመለስ። በአንዳንድ ሰዎች፣ ለምሳሌ በብዙ የኦቲዝም ተጠቂዎች ዘንድ፣ ዓይን ማየት ራሱ ሕመም የሚያህል ጫና ነው፤ የአክብሮትም የሐቀኝነትም መለኪያ አታድርጉት።

ስለ ፊት ረጅም ክርክር አለ፤ በአጭሩ ልለፈው። ፈረንሳዊው ሐኪም ዱሼን በ1862 ከልብ የመጣ ፈገግታ ጉንጭን ከማንሣት አልፎ የዓይንን ዙሪያ ጡንቻ እንደሚያጨማድድ ጻፈ። ምልክቱ ጠቃሚ ነው፤ ፍጹም ግን አይደለም፤ ብዙ ሰው አስመስሎ ሊያጨማድደው ይችላል። በ2019 የሥነ ልቦና ተመራማሪዋ ሊሳ ፌልድማን ባሬት ከአራት ባልደረቦቿ ጋር የነበረውን ማስረጃ ገምግማ ሰዎች ሲናደዱ ሁልጊዜ ግንባር እንደማይቋጥሩ፣ ግንባር የቋጠረ ሁሉም እንዳልተናደደ አሳየች። «ስሜትን ከፊት ያነባል» ተብሎ የሚሸጥ ሶፍትዌር ለመግዛት የምታስቡ መሥሪያ ቤቶች ይህን አስቀድማችሁ አንብቡ።

ርቀትም ይናገራል። ተመራማሪው ኤድዋርድ ሆል በ1966 አራት ክልሎችን ለየ፦ እስከ 45 ሴንቲሜትር የቅርብ ሰው፣ እስከ 1.2 ሜትር የወዳጅ፣ እስከ 3.6 ሜትር የሥራና የትውውቅ፣ ከዚያ በላይ የአደባባይ። ልኬቱን የወሰደው በአሜሪካ ከተመለከታቸው ሰዎች ነውና ለሁሉም አይሠራም፤ በ2017 በ42 አገሮች የተደረገ ጥናት ከአገር አገር ልዩነቱ ሰፊ መሆኑን አሳይቷል። ስለዚህ ሜትር አትያዙ፤ የሰውየውን እግር ተመልከቱ። ወደ እሱ ስትጠጉ ግማሽ እርምጃ ካፈገፈገ ርቀቱን ነግሯችኋል፤ መልሳችሁ አትከተሉት። ለአስቸጋሪ ውይይት ፊት ለፊት ከመፋጠጥ የጠረጴዛ ማዕዘን ይዞ መቀመጥ ይሻላል፤ ሁለቱም ሰው ሲፈልግ እያየ ሲፈልግ ዓይኑን የሚያሳርፍበት ቦታ ያገኛል።

ከፍታም እንደዚሁ ነው። በ2012 በአንድ የአሜሪካ ሆስፒታል በተሠራ ጥናት ሐኪሙ አልጋው አጠገብ ቆሞ ወይም ተቀምጦ ሕመምተኛን ያነጋግራል። በሁለቱም አኳኋን የቆየው 1 ደቂቃ ከጥቂት ሰከንዶች ነው፤ የተቀመጠው እንዲያውም በትንሹ ያነሰ ጊዜ ነበር የቆየው። ሕመምተኞቹ ሲጠየቁ ግን የተቀመጠው ከ5 ደቂቃ በላይ፣ የቆመው ከ4 ደቂቃ በታች ቆየ አሉ። ወንበር መሳብ 3 ሰከንድ ይፈጃል። ነርሶች፣ መምህራን፣ የባንክ ሠራተኞች፣ ተቀምጦ ያለን ሰው የምታነጋግሩ ሁሉ፣ እባካችሁ ወንበሩን ሳቡት።

ስለ ራሳችን ሰውነት ስንነጋገር «የኃይል አቋም» የሚባለው መነሣቱ አይቀርም፤ ሁለት ደቂቃ ወገብን ይዞ ተንሰራፍቶ መቆም ሆርሞን ይለውጣል የሚለው። በ2010 በ42 ሰዎች ላይ ተሠርቶ ዝናው ዓለምን አዳረሰ። በ2015 በ200 ሰዎች ላይ ሲደገም የሆርሞን ለውጡ አልታየም፤ ከመጀመሪያዎቹ አጥኚዎች አንዷ ዴና ካርኒም በ2016 ውጤቱን እንደማታምንበት በይፋ ጻፈች። ከመድረክ በፊት እኔ የምመክረው ከዚህ ይቀላል፤ ከምትስቡት ይልቅ የምታወጡትን ትንፋሽ አርዝሙ፣ እጆቻችሁን ከኪስ አውጡ፣ ስልኩን ከጠረጴዛው ላይ አንሡ። ስልኩ ተደፍቶም ቢሆን ለሚያነጋግራችሁ ሰው «ከአንተ የሚበልጥ ሊመጣ ይችላል» ይለዋል።

በቪዲዮ ስብሰባ ላይ አብዛኛው ምልክት ይጠፋል፤ የቀረውም ይዛባል። ካሜራው ከዓይን በታች ከሆነ ወደ ታች የምታዩ ትመስላላችሁ። ላፕቶፑን በመጻሕፍት ላይ አስቀምጣችሁ ካሜራውን ከዓይን እኩል አድርጉት፤ እጃችሁ እንዲታይ አንድ ክንድ ያህል ራቁ። መስኮቱ ከፊታችሁ ይሁን፤ ከኋላ ከሆነ ፊታችሁ ጥላ ይሆናል። ስክሪኑ ላይ ያለውን ፊት ስታዩ ለዚያኛው ወገን ወደ ሌላ ያያችሁ ይመስለዋል፤ የሰውየውን ምስል ከካሜራው ሥር ጎትታችሁ ማስቀመጥ ይህን ይቀንሰዋል። ከሁሉ የሚከፋው መዘግየቱ ነው። ድምፅ ከአንድ ሰከንድ በላይ ሲዘገይ ሰዎች ኔትወርኩን ሳይሆን ሰውየውን ይወቅሳሉ፤ ቸልተኛ፣ የማያዳምጥ ይመስላቸዋል። ቅድም ስለ «...እሺ» ያልኩት በቪዲዮ ላይ አይሠራም። የመዘግየቱን መጠን ካላወቃችሁ ከዝምታ ምንም አታንብቡ።

አሁን ወደ አጠያየቁ። አራት ነገር መራቅ ይገባል። ስሜትን አትሰይሙ፤ «ተናደድሽ እንዴ?» ስትባል ያልተናደደችም ትናደዳለች። በሰው ፊት አትጠይቁ። «ለምን» ብላችሁ አትጀምሩ፤ ሰውን ወደ መከላከል ይገፋል። እና ያነበባችሁትን እንደ ማስረጃ አታቅርቡ፤ «ክንድሽን አጣምረሽ አይቼሻለሁ» ክስ ነው። ከእነዚህ ይልቅ ያያችሁትን አንድ ነገር፣ ያያችሁበትን ሰዓት ብቻ ተናገሩ፤ ከዚያ ጥያቄው ስለ ሥራው ይሁን።

ስብሰባው ተበትኗል። ኃላፊው ባልደረባውን ኮሪደሩ ላይ ያገኛታል፤ ሌላ ሰው የለም። እንዲህ ይላታል፦

«ቀኖቹ ጋ ስንደርስ መጻፍሽን ያቆምሽ መሰለኝ። እዚያ ላይ የታየሽ ነገር አለ?»

ዝም ይላል። አንድ ሺህ አንድ። አንድ ሺህ ሁለት። ዓይኗን ወደ ግድግዳው ታዞራለች። አንድ ሺህ ሦስት።

«ሁለተኛውና ሦስተኛው ማስረከቢያ ላይ አንድ ሰው ነው ሁለት ቦታ የተመደበው» ትለዋለች። «ስቆጥረው ነበር። 9 ቀን ይጎድላል።»